ሲሄዱ 17፣ ሲመለሱ 13

አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም ልማዱ አልለቀቀውም፤ ቤቱ የገባ ሁሉ ተማሪው ነው። እናቴ እኅቴን ልታርስ ወደ ዋሽንግተን ልትሄድ መሆኗን፣ እኔም አብሬያት ሄጄ እንደማደርሳት የሰማ ዕለት ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልታገሠም። ሉሉን ከመደርደሪያው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አቆመው።

«ለመሆኑ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄጂ ታውቂያለሽ?» አላት።

«እኔ ምኑን አውቄው! የሚያደርሰው እሱ ያውቃል» አለችው ወደ ላይ እያየች።

አጎቴ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ያረጀ የዓለም ካርታ ሄዶ ማስመሪያ አስደገፈበት። ማስመሪያው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሱዳንን፣ ቻድን፣ ኒጀርን፣ ማሊንና ሞሪታኒያን አቋርጦ ውቅያኖስ ገባና ዋሽንግተን ላይ አረፈ። «ይሄ ውሸት ነው» አለ። ቀጥሎ ከሚስቱ የስፌት ሳጥን ጥቁር ክር መዘዘ፤ አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ በአውራ ጣቱ ይዞ ወጠረው። ክሩ ማሊ የሚባል አገር አጠገብ አልደረሰም። በሱዳን በኩል ወደ ሊቢያ ወጣ፣ አልጄሪያን ዘልቆ ሜዲትራኒያንን ተሻገረ፣ ስፔንና ፖርቹጋልን አልፎ አትላንቲክ መሐል ላይ ከዋሽንግተንም ይልቅ ወደ ሰሜን ከፍ አለ፤ ከዚያ ነው ወደ ታች የተመለሰው። ክብ የሆነ ነገር ላይ አጭሩ መንገድ እንዲህ ነው። ክሩን ለካው፤ 27 ሳንቲ ሜትር መጣ። የዚያ ሉል ወገብ 94 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የምድር ደግሞ 40,000 ኪሎ ሜትር። ስለዚህ አንዱ ሳንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ፤ የእናቴም መንገድ 11,500 ኪሎ ሜትር አካባቢ። በኋላ በስሌት ሲታይ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሽማግሌው ክር ይህን ያህል መቅረቡ እስካሁን ይገርመኛል።

«የዛሬ አውሮፕላን በሰዓት ከ850 እስከ 900 ይበራል። አካፍለው» አለኝ። ከ13 ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል።

ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ትኬታችን ከቦሌ ማታ 4 ሰዓት ተሩብ ተነሥቶ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ዋሽንግተን ይገባል ይላል። እናቴ በጣቷ ቆጠረችና «ዘጠኝ ሰዓት ነው እኮ! ምን ታስፈራሩኛላችሁ?» አለች። አጎቴ ሳቀ። ጊዜው ጥር ነው፣ ጥምቀት አልፏል፤ በዚያ ወራት ዋሽንግተን ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በእነሱ በጋ 7 ትሆናለች። ዘጠኙ ላይ ስምንቱ ሲደመር 17 ሰዓት ተሩብ መጣ። አሁን ሳቁ ከአጎቴ ፊት ጠፋ፤ በክሩ 13 ተኩል ያወጣ መንገድ በትኬቱ 17 ሆነበታ! «ነፋስ ይሆናል» አለ፣ ግን አላመነበትም። ቡናው መጣ፣ ወሬውም ወደ አራሷ ዞረ።

የጉዞው ዕለት የቤታችን ጭንቀት ግን ስለ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ስለ ኪሎ ነበር። ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የገንፎ ዱቄት፣ በሶ፣ አብሽ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዳቦ ቆሎ፤ ጎረቤት ለልጁ ያመጣው ደግሞ ለብቻው። ቋንጣው ከመነሻው ቀርቷል፤ የአሜሪካ ጉምሩክ ሥጋ ነክ ነገር አያስገባም። የሰፈሩን የሽንኩርት ነጋዴ ሚዛን ተውሰን ሌሊቱን ስንመዝን አደርን። ቦሌ ስንደርስ የእነሱ ሚዛን ከሽንኩርት ነጋዴው ጋር አልተስማማም። እናቴ ከነነጠላዋ መሬት ተቀምጣ ሻንጣውን ከፍታ፣ ሁለት ኪሎ በሶ አውጥታ ለሸኚዎች ስትመልስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። አጠገባችን ያለውም ሰልፈኛ እንዲሁ ሻንጣውን ዘርግፎ ጫማ ይመርጣል። ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ በረራ መግቢያ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ይህን ትዕይንት ያውቀዋል።

መቀመጫችን ሦስት ሰው የሚይዝ ነበር። እናቴ መስኮት፣ እኔ መሐል፣ በመተላለፊያው በኩል ደግሞ ሽበት ያለው፣ እጁ ሰፋፊ ሰው። ዕድሜውን የአውሮፕላን ሜካኒክ ሆኖ ኖሮ አሁን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከልጆቹ ጋር ይኖራል። እናቴ ስለ በሶዋ ስታማርር ሰምቶ ኖሮ ጣልቃ ገባ።

«እትዬ፣ ለርስዎ ሁለት ኪሎ ናት፤ ለዚህ አውሮፕላን ግን እያንዳንዷ ኪሎ ሒሳብ አላት። በተለይ ቦሌ ላይ።»

«ቦሌ ምን ሆነ?»

«ከፍ ብሏላ!»

ከዚያ በኋላ የነገረን ነገር ለአጎቴ ጥያቄ መልስ ነበር። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ ጉልበት የሚያገኘው አየር ስቦ ነው፣ ክንፉም የሚነሣው አየር ተደግፎ፤ አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይደክማሉ። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ የበለጠ መፍጠን፣ ለመፍጠንም የበለጠ መሮጥ አለበት። ማኮብኮቢያው ግን 3,800 ሜትር ገደማ ላይ ያልቃል። ጎማውም የተወሰነ ፍጥነት ብቻ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። የተሳፈርንበት ቦይንግ 787-8 ሲሞላ 126,000 ሊትር ነዳጅ ይይዛል፤ በክብደት 100 ቶን ያህል ማለት ነው። አውሮፕላኑ ተጭኖ እንዲነሣ የሚፈቀድለት ትልቁ ክብደት ደግሞ 228 ቶን አካባቢ ነው። ከዚያ ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ነዳጅ ሊሆን ይችላል። ሰውየው እነዚህን ቁጥሮች የሚጠራው የልጆቹን ስም እንደሚጠራ ሰው ነበር።

የሚገርመው፣ በወረቀት ላይ ይህ አውሮፕላን ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ይችላል። ዋሽንግተን ከዚያ ውስጥ ነች። የማይችለው ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ዕቃና ይህን ሁሉ ነዳጅ ተሸክሞ ከቦሌ መነሣትን ነው።

«ታዲያ ምኑን ይቀንሳሉ?» አለች እናቴ።

«ወይ ሰው ነው፣ ወይ ዕቃ ነው፣ ወይ ነዳጅ።»

«ነዳጁን ቀነሱ?»

«ነዳጁን ቀነሱ። መንገድ ላይ አርፈው ይሞላሉ፤ አሁን አየርላንድ፣ ደብሊን ነው። በፊት ሮም ነበር።»

እናቴ ትንሽ አሰበችበት። «ደግ አደረጉ። ሰው ከሚያስቀሩ ነዳጅ ቢቀር ይሻላል» አለችና ቀጠለች፦ «የኔን በሶ ጨምረው ትንሽ ነዳጅ ቢቀንሱስ ኖሮ?»

ሲነሣ ሩጫው ረጅም ነበር። እናቴ አቡነ ዘበሰማያት ጀምራ ጨረሰች፣ ጎማው ገና መሬት ላይ ነው፤ ደገመችው። ሁለተኛው ላይ ነው የከተማው መብራት ወደ ታች የወረደው። ሜካኒኩ ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁን ያዳምጣል። ማታ መነሣቱም ይረዳል ብሎናል፤ የቀዘቀዘ አየር ጠንከር ያለ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ቢሆን ኖሮ ሌላ ተጨማሪ ክብደት መቀነስ ግድ ይሆን ነበር።

ሌላም አንድ ነገር ነገረኝ፣ ያኔ ለማመን የተቸገርኩት። በ787 ውስጥ የአየሩ ግፊት ከ1,800 ሜትር ከፍታ በላይ እንዳይሆን ተደርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው 12 ኪሎ ሜትር ሰማይ ላይ ተቀምጦ የሚተነፍሰው አየር ከሰፈሩ አየር የወፈረ ነው። እናቴ ይህን ብነግራት «እንግዲያ አሜሪካ ከመድረሴ በፊት ወፈርኩ በለኛ» ብላ ጋቢዋን ተከናንባ ተኛች።

ደብሊን ስንወርድ የእናቴ የእጅ ሰዓት 12 ሰዓት ተኩል ይላል። አዲስ አበባ ነግቶ ቅዳሴ የሚወጣበት ሰዓት ነው። በመስኮቱ ሲታይ ግን ድቅድቅ ጨለማ፣ ዝናብ፣ መሬት ላይ የተኛ ቢጫ መብራት፤ በእነሱ ሰዓት ገና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ነው። አውሮፕላኑ ቆሞ መብራቱ ሲበራ፣ ከፊታችን ሦስተኛው ረድፍ ላይ የነበሩ ነጭ በነጭ የለበሱ እማማ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አመቻቹ፣ ቦርሳቸውን አነሡ፣ አጠገባቸው ያለውን ጎረምሳ «ልጄ፣ እስቲ አሳልፈኝ፤ ልጆቼ ቆመው ይጠብቁኛል» አሉት። እሳቸው ሲነሡ ሌሎችም ተነሡ። ከኋላ አንድ አባት በስልክ «ደረስኩ፣ ደረስኩ» እያሉ ይጮሃሉ፤ ስልኩ ግን መስመር አልነበረውም።

አስተናጋጇ እየሮጠች መጣች። «እማማ፣ ገና ነው። ይቀመጡ።»

«እንዴት ገና ነው? አረፈ እኮ!»

«ነዳጅ ልንቀዳ ነው፣ እማማ። እዚህ ማንም አይወርድም።»

አሮጊቷ አስተናጋጇን ከላይ እስከ ታች አዩአት። «ይሄን ሁሉ ሰው ጭናችሁ፣ ያን ሁሉ ብር ተቀብላችሁ፣ ቤንዚን ሳትሞሉ ወጣችሁ?»

አካባቢው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አስተናጋጇም ራሷን መቆጣጠር አቃታት። እናቴ ግን አልሳቀችም። ቀበቶዋን ፈትታ፣ እኔን ተሻግራ፣ ሜካኒኩን ተሻግራ ወጣችና አሮጊቷ አጠገብ ቆመች። «እሜቴ፣ ቦሌ ከፍ ያለ ነው። አየሩ ሳስቷል። ነዳጁ ከሞላ ሰው ይቀራል ማለት ነው፤ እርስዎም እኔም እንቀር ነበር» አለቻቸው። አነጋገሯ በዚያው ሌሊት ያወቀችው ነገር አይመስልም። አሮጊቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እንዲህ ብለው አይነግሩንም?» አሉ። ትክክል ነበሩ። እንደምናርፍ በድምፅ ማጉያው ተነግሮ ነበር፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፤ ግን በእንቅልፍ ልብ የሚሰማ ሰው ከዚያ ውስጥ የሚይዘው «ደብሊን» የሚል ስም ብቻ ነው፤ ደብሊን ደግሞ ለእሳቸው ዋሽንግተን የማትሆንበት ምክንያት የለም።

አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች በዝናቡ ውስጥ ቧንቧ ይጎትታሉ፣ አዲስ ሠራተኞች ገቡ፣ የቀደሙት ወረዱ። ሜካኒኩ ሌላ ሒሳብ ነገረኝ። ደብሊን ካርታ ላይ ሲታይ ትልቅ ዙር ይመስላል። ነገር ግን ከቦሌ ደብሊን 6,360፣ ከደብሊን ደለስ 5,460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲደመር ከአጎቴ ክር የሚበልጠው ከ300 ባነሰ ኪሎ ሜትር ነው። በሮም በኩልማ ትርፉ 150 ያህል ብቻ ነበር። ከኒውዮርክ አጠገብ ወዳለችው ኒውዋርክ የሚሄደው በረራ ያኔ ሎሜ፣ ቶጎ ነበር የሚያርፈው፤ እዚያ ነዳጁን ብቻ ሳይሆን የምዕራብ አፍሪካን መንገደኛም ይጭን ነበር። ለዋሽንግተን ግን ሎሜ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያስዞራል።

ስለዚህ የሰዓቱ ልዩነት የመጣው ከመንገዱ ርዝመት አይደለም። መውረድ፣ መቆም፣ እንደገና ተነሥቶ ከፍታ መያዝ አለ። ከደብሊን ወዲያ ደግሞ የአጎቴ ነፋስ መጣ። በእነሱ ክረምት አትላንቲክ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው፤ እኛ ደግሞ ፊት ለፊት ነው የገጠምነው። መቀመጫው ላይ ያለው ማያ ፍጥነታችንን 800 ገደማ ያሳያል። በደብሊን ኬክሮስ ምድር በራሷ ዛቢያ ስትዞር በሰዓት 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። አውሮፕላኑ ከፀሐይ እየሸሸ ነው፤ ፀሐይዋ የምትደርስበት በጣም በዝግታ ነው። እናቴ በየጊዜው መስኮቱን ከፈት አድርጋ ታያለች፤ ጨለማ ነው። ሰዓቷ የአዲስ አበባን ረፋድ፣ ከዚያም እኩለ ቀኑን ነገራት፤ ውጭው አልነጋም። «የዚህ አገር ሰው መቼ ነው የሚነቃው?» አለችኝ። ዳዊቷን አወጣች፣ የዕለቱን አደረሰች፣ መልሳ ከተተችው። ከቤታችን ከወጣን ጀምሮ ፀሐይ አላየችም። የነጋው ልናርፍ ስንል ነው። አዲስ አበባ ላይ ከጠለቀችበት ሰዓት ጀምሮ ሲቆጠር ያ ሌሊት 21 ሰዓት ገደማ ፈጅቷል።

ስለ ደለስ ብዙ አልልም። ጆሮዋ ተደፍኖ ወረደች፤ ቦታው ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። አሜሪካውያን ደለስን የመረቁት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1962 ነው፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ራሳቸው ተገኝተው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጄቶች፣ ቦይንግ 720ዎቹን፣ የተረከበው በቀጣዩ ወር ነው፤ ቦሌም የተሠራው የቀድሞው የልደታ አየር ማረፊያ ማኮብኮቢያ ለጄት ስለማይበቃ ነበር። ሁለቱ የአንድ ዘመን ልጆች መሆናቸውን ሳስብ የከፍታቸው ልዩነት ይበልጥ ይታየኛል። አንዱን ሜዳ ላይ ሠሩት፣ ሌላው ደጋ ላይ ተወለደ። መውጫው በር ላይ እኅቴ ሕፃኑን ታቅፋ ቆማለች። ባሏ ሥራ ስለነበረ ታክሲ ያዝን፤ ሾፌሩ የደብረ ብርሃን ልጅ ሆኖ ተገኘና እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ እናቴን ስለ ዝናቡ ሲጠይቃት ሄደ።

እናቴን ለአራስ ቤቷ ትቼ የተመለስኩት ብቻዬን ነው። ከደለስ የተነሣነው በእኛ አቆጣጠር ረፋድ 5 ሰዓት ላይ፣ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ዕቃ፣ ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ነዳጅ ይዘን ነው። ሻንጣዎቹ አሁን ጫማና የቫይታሚን ብልቃጥ ሞልተዋል። አየሩ ወፍራም ስለሆነ ማንም የሚቀነስ አልነበረም። አትላንቲክ ላይ ያ ስንሄድ ፊት ለፊት የገጠመን ነፋስ አሁን ከኋላ ሆኖ ማያው ላይ ፍጥነታችን ከ1,000 አለፈ። ፀሐይ ገና ምሳ ሳናወራርድ ጠለቀች። ደብሊን የለ፣ ሮም የለ፤ እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ ቦሌ ልንወርድ ነው፣ ጠዋት። 13 ሰዓት ያህል ፈጀ። አጎቴ ቤት ሄጄ ስነግረው «በቃ፣ ክሬ የሚሠራው ወደ አገር ቤት ሲመጡ ነው» አለና ሉሉን በአቧራ መጥረጊያ ጠረገው።

ክሩም ቢሆን ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ተቆርጧል። የሊቢያን ሰማይ አብዛኛው አየር መንገድ ይሸሸዋል፤ የሱዳንም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ሲነሣ ለመንገደኛ አውሮፕላን ተዘጋ፣ ወደ ሰሜን የሚወጣውም ዙሪያውን መሄድ ግድ ሆነበት። ስለዚህ 11,560 የሚለው ቁጥር ልክ ነው፤ የሚያስኬድ ግን አይደለም። ሰዓታችሁን ከእሱ ላይ አታስሉ።

ለቦሌ ከፍታ መፍትሔ ይሆናል የሚባለው ቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው አዲሱ አየር ማረፊያ ነው። ቦታው ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ማኮብኮቢያውም ሲታቀድ ለረጅም በረራ ታስቦ ነው። ሜካኒኩ ስለዚህ ጉዳይ ሲያወራ ፊቱ ይበራ ነበር። እኔም ጥሩ ነው እላለሁ። ባሕር ዳርቻ አይሆንም፤ ግን በዚህ ሥራ ውስጥ 400 ሜትር ብዙ ቶን ነው።

እስከዚያው ድረስ ወደ ምዕራብ የሚበሩ እናቶች መንገድ ላይ ማረፋቸው አይቀርም። እናታችሁን፣ አያታችሁን ብቻቸውን የምትልኩ ሰዎች፦ ትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት ብቻ አንብባችሁ አትሸኟቸው። ሌሊቱ ረጅም እንደሆነ፣ መሐል ላይ አንድ ጊዜ እንደሚያርፍ፣ ያን ጊዜ ቦርሳ ማንሣት እንደሌለባቸው፣ የሚወርዱት በሁለተኛው እንደሆነ ቡና ላይ ተቀምጣችሁ ንገሯቸው። ለምን እንደሚያርፍም ጨምሩበት፤ ከነገሯቸው ይገባቸዋል።